«እንዳምናው ነው፣ ሚስ ሶፊ?»፦ የእንግሊዝ ጭውውት እንዴት የጀርመን በዓል ሆነ

ዲሴምበር 31 ምሽት ላይ ጀርመን አገር ሰው ቤት የተጋበዘ ሐበሻ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል። ቤቱ ሞቅ ብሏል። ጠረጴዛው መሃል የራክሌት መጥበሻ ተጥዷል። ሁሉም የየራሱን አይብ እያቀለጠ ድንች ላይ ያፈሳል። ልጆች ርችታቸውን ይዘው እኩለ ሌሊትን ይጠብቃሉ። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው፣ ግን ልብ ብሎ የሚያየው የለም። ድንገት አንዱ «ጀመረ!» ይላል። ወሬው ይቆማል። አያት ከነብርጭቋቸው፣ ልጅ ከነስልኩ፣ ሁሉም ሶፋው ላይ ይደረደራል።

የሚታየው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ቋንቋው ደግሞ ጀርመንኛ ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን እራት ይበላሉ፣ አንድ አሳላፊ ያስተናግዳቸዋል። በቃ ይኸው ነው። 18 ደቂቃ ይፈጃል። አያትየው የሚመጣውን ቃል ከተዋናዩ ቀድመው ይናገሩታል። ልጁም ያውቀዋል። አሳላፊው ሊደናቀፍ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቤቱ መሳቅ ይጀምራል።

ስሙ «ዲነር ፎር ዋን» ይባላል፣ «እራት ለአንድ ሰው» እንደማለት። ጀርመኖች «ዘጠናኛው ልደት» የሚል ስምም ሰጥተውታል። የተቀረጸው በ1963 ነው። (እዚህ ላይ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጊነስ መጽሐፍ በዓለም ላይ በብዛት የተደገመ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ብሎ መዝግቦት ያውቃል። የተዋንያኑ አገር እንግሊዝ ግን ለአሥርተ ዓመታት በቴሌቪዥን አላሳየውም።

እኔን የያዘኝ ይኼ ነው። የእንግሊዝ ሰዎች በእንግሊዝኛ የሠሩት ቀልድ እንዴት የጀርመኖች የዓመት በዓል ወግ ሆነ? «ጥሩ ቀልድ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ጥሩ ቀልድ ሞልቷል። በዚያው ዘመን ተቀርጾ ዛሬ ማንም የማያስታውሰው ስንት ጥሩ ቀልድ አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ እራቱን፣ ከዚያ ሰዎቹን፣ ከዚያ ደግሞ ቴሌቪዥን ጣቢያውን።

እራቱ

ሚስ ሶፊ 90 ዓመት ሞላቸው። እንደ ልማዳቸው አራት የልብ ወዳጆቻቸውን ለልደታቸው ጠርተዋል፦ ሰር ቶቢ፣ አድሚራል ፎን ሽናይደር፣ ሚስተር ፖመሮይ እና ሚስተር ዊንተርቦተም። አራቱም ግን ከሞቱ ቆይተዋል። ሚስ ሶፊ ሁሉንም ሸኝተው ብቻቸውን ቀርተዋል። ቢሆንም ጠረጴዛው ለአምስት ሰው ተዘጋጅቷል። ሳህኑ አለ፣ ብርጭቆው አለ፣ ወንበሩ አለ።

ታዲያ የሞቱትን ሰዎች ድርሻ የሚጠጣው ማነው? አሳላፊው ጄምስ ነው። ለሰር ቶቢ ይቀዳል፣ ከዚያ ራሱ ሰር ቶቢን ሆኖ ብርጭቆውን ያነሳል፣ ለሚስ ሶፊ መልካም ይመኛል፣ ይጨልጠዋል። ወደሚቀጥለው ወንበር ይሄዳል። ደግሞ አድሚራሉን ይሆናል። ሚስ ሶፊ በየተራው ፈገግ እያሉ ምስጋናቸውን ይመልሳሉ። ወዳጆቻቸው በእርግጥ የመጡ ያህል ነው የሚያናግሯቸው።

ምግቡ አራት ዓይነት ነው። ከሾርባው ጋር ሼሪ፣ ከዓሣው ጋር ነጭ ወይን፣ ከዶሮው ጋር ሻምፓኝ፣ ከፍራፍሬው ጋር ፖርት። አራት ምግብ በአራት እንግዳ ሲባዛ 16 ብርጭቆ ይመጣል። 16ቱም የሚወርደው በጄምስ ጉሮሮ ነው። ሾርባው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሰው ፍራፍሬው ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይፈልጋል።

ሾርባው ላይ ትንሽ ልቁም። ሙለጋቶኒ ይባላል። ቃሉ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፣ «የቁንዶ በርበሬ ውሃ» እንደማለት። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ ለምደውት ወደ አገራቸው ይዘውት የሄዱት ምግብ ነው። መሬት ላይ የተነጠፈው ደግሞ የነብር ቆዳ ነው፣ ጭንቅላቱ አፉን እንደከፈተ። ከእንግዶቹ አንዱ «ሰር»፣ ሌላው አድሚራል። ማንም ስለ ታሪክ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ግን ያ ቤት ያለፈበት ዘመን ቤት መሆኑን ዓይንህ ያየዋል። የሞቱት አራቱ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ዘመኑም አብሮ ሞቷል። ሚስ ሶፊ ግን እራቱን አላስታጎሉም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። ጄምስ አዲስ መጠጥ ከመቅዳቱ በፊት ይጠይቃል፦ «ዘ ሴም ፕሮሲጀር አዝ ላስት ይር፣ ሚስ ሶፊ?» እሳቸውም ይመልሳሉ፦ «ዘ ሴም ፕሮሲጀር አዝ ኤቭሪ ይር፣ ጄምስ።» በኛ አፍ «እንዳምናው ነው፣ ሚስ ሶፊ?» «እንደየዓመቱ ነው፣ ጄምስ» ብንለው ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ይጎድላል። «ፕሮሲጀር» እኛም ቢሮና ሆስፒታል ውስጥ የምንሰማው ቃል ነው። የማዘዣ፣ የማኅተም ቃል ነው። የልደት እራትን «ፕሮሲጀር» ብሎ መጥራት ነገሩን ክብድ ያደርገዋል። ጄምስ መስከሩን ያውቃል። እንደሚሰክርም ያውቅ ነበር። ጥያቄው ዘንድሮስ ይቅርብኝ የሚል ልመና አለበት። መልሱ ደግሞ በየዓመቱ ያው ነው፣ ልመናውን በጨዋ ደንብ ይዘጋበታል።

እያንዳንዱ እንግዳ የራሱ ጠባይ አለው። ሰር ቶቢ የተቀዳለት አይበቃውም፣ ጨመር እንዲደረግለት ይፈልጋል። ስለዚህ ጄምስ ለሰር ቶቢ ሲል ለራሱ ይጨምራል። ሚስተር ዊንተርቦተም የሰሜን እንግሊዝ ሰው ነው። አነጋገሩ ሞቅ ያለ የሠፈር አነጋገር ነው፣ ሚስ ሶፊን ከድሮው ይልቅ ወጣት መስለዋል ይላቸዋል። የአድሚራሉ ግን ይከብዳል። አድሚራሉ ጽዋ ሲያነሳ ተረከዙን ከተረከዙ አጋጭቶ «ስኮል!» ማለት አለበት። ጄምስ እግሩን ያመዋል። በየተራው «የግድ ነው፣ ሚስ ሶፊ?» እያለ ይለምናል። «ለእኔ ስትል፣ ጄምስ» ይሉታል። ተረከዙን ያጋጫል። ፊቱ ጭምድድ ይላል።

ከዚያ ነብሩ አለ። ጄምስ ከቁምሳጥኑ ወደ ጠረጴዛው በሄደ ቁጥር የነብሩ ጭንቅላት እግሩን ይይዘዋል። ቆጥረው የጨረሱ ሰዎች 11 ጊዜ ይደናቀፋል ይላሉ። የመጀመሪያው ያስቃል። ሁለተኛውም ያስቃል። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ እየጠበቀ ነው። አንድ ጊዜ ግን ጄምስ ሳይደናቀፍ ያልፋል። ቆም ይላል። ዞሮ ቆዳውን ያየዋል። ከተመልካቹ ይልቅ የገረመው እሱን ነው። ያቺን አንዲት ቅጽበት ደግሜ ደጋግሜ አይቻታለሁ። አንድ ተዋናይ ተመልካቹ ምን እንደሚያስብ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያውቅ የምታሳይ ቅጽበት ናት። ተመልሶ ሲመጣ በእርግጥ ይደናቀፋል።

እየቆየ ምላሱ ይተሳሰራል። ወይኑን ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ይቀዳዋል። በአንዱ ዙር የአበባ ማስቀመጫውን አንስቶ ውሃውን ይጨልጠዋል። ፊቱን ያጨማድድና «ያቺን ድመት እገላታለሁ!» ይላል። ሚስ ሶፊ ግን እስከመጨረሻው ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ናቸው። አንዲትም ጊዜ «ምን ሆነሃል?» አይሉትም። እሳቸው የሚያዩት አራት የተከበሩ ወዳጆቻቸውን ነው።

መጨረሻ ላይ ወደ መኝታቸው መሄድ እንደሚፈልጉ ይነግሩታል። ጄምስ ክንዱን ይሰጣቸዋል። ደረጃው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያንኑ መልስ ያገኛል። «አቅሜ የፈቀደውን አደርጋለሁ» ብሎ ለተመልካቹ ይጠቅሳል። ልጆች ይህችን አያስተውሏትም። አዋቂዎች ይስቃሉ።

ሰካራሙን የተጫወተው የማይጠጣው ሰው

ጄምስን የሠራው ፍሬዲ ፍሪንተን ነው። በ1909 ግሪምስቢ ተወለደ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በወጣትነቱ ዓሣ የሚዘጋጅበት ቦታ ተቀጥሮ ነበር። ሠራተኛውን እያሳቀ ሥራ ስላስፈታ ተባረረ ይባላል። መድረክ ላይ ስሙን ያስጠራው ሰካራም ሆኖ መሥራቱ ነው። በግል ሕይወቱ ግን መጠጥ አይቀምስም ነበር። ይህ አይገርመኝም። ስካርን እንዲያ አድርጎ ደረጃ በደረጃ መክፈል የሚችለው ቆሞ ያየው ሰው ነው። መጀመሪያ ዓይኑ ትንሽ ይከብዳል፣ ከዚያ እግሩ፣ ከዚያ ምላሱ፣ መጨረሻ ላይ ትሕትናው። አንዱም ደረጃ አይዘለልም።

ጭውውቱን የጻፈው እሱ አይደለም። ሎሪ ዋይሊ የተባለ እንግሊዛዊ የቲያትር ደራሲ ነው። ፍሪንተን ብላክፑል ላይ መጫወት የጀመረው በ1945 ነው። በተጫወተ ቁጥር ለደራሲው ይከፍል ነበር። በኋላ በ1950ዎቹ መብቱን ጠቅልሎ ገዛው። ይህን ነገር ብዙ ሰው በጨረፍታ ያልፈዋል። እኔ ግን የጉዳዩ አንዱ ምሰሶ ይመስለኛል። ፍሪንተን ይህን አጭር ነገር እንደ ዕቃው ይዞታል። መሣሪያውን ስሎ ስሎ እንደሚያስቀምጥ አናጢ ነው።

ብላክፑልን ለማያውቅ፦ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ ናት። የፋብሪካ ሠራተኞች በጋ ላይ ቤተሰባቸውን ይዘው ይመጡባታል። ቀን ባሕር፣ ማታ ትርዒት። ተመልካቹ በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ተጫዋቹ ግን ወቅቱን ሙሉ ያንኑ ይጫወታል። አንድን ጭውውት ማታ ማታ የሚሠራ ሰው የትኛው ትንፋሽ ላይ ሳቁ እንደሚመጣ ያውቃል። የት ሰኮንድ መጨመር፣ የት መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። ከ1945 እስከ 1963 ሲቆጠር 18 ዓመት ነው። የቀረው ቅጂ ደግሞ 18 ደቂቃ።

ሚስ ሶፊን የሠራችው ሜይ ዋርደን ናት። በ1891 የተወለደች ስትሆን ሲቀረጽ ሰባዎቹን ጀምራለች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ፍሪንተን ነው። ግን እሷን አውጥተህ ጭውውቱን አስበው። ከጎኑ የሚስቅ ወይም የሚደነግጥ ሰው ቢኖር ነገሩ ተራ የስካር ቀልድ ይሆን ነበር። የዋርደን ፊት አይናወጥም። ሰው ባዶ ወንበር ሲያይ በፊቱ ላይ የሚታየውን ፍቅር እሷ በቁም ነገር ይዛዋለች። ቀልዱ የቆመው በዚያ ቁም ነገር ላይ ነው።

ሃምቡርግ፣ 1963

በ1962 ሁለት ጀርመናውያን ብላክፑል ሄዱ። አንዱ ፔተር ፍራንከንፌልድ ነው፣ በዚያን ጊዜ በምዕራብ ጀርመን ስሙ የገነነ የመድረክና የቴሌቪዥን አዝናኝ። ሌላው አዘጋጁ ሃይንዝ ዱንክሃዘ ነው። ፍሪንተንን መድረክ ላይ አዩት። ወደዱት። ለፕሮግራማቸው ጋበዙት።

ፍሪንተን መጣ፣ ግን በጀርመንኛ አልሠራም አለ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ካልሆነ አይሆንም። ጦርነቱ ካበቃ ገና 18 ዓመቱ ነው። የጀርመን ቴሌቪዥን ለጀርመን ተመልካች በእንግሊዝኛ ቀልድ ሊያሳይ ነው። ሌላ ጣቢያ ቢሆን «ተርጉመን ድምፅ እንቀባበት» ይል ነበር፣ ጀርመኖች የውጭ ፊልም በራሳቸው ቋንቋ ማስነገር ልማዳቸው ነውና። እዚህ ግን ሌላ መላ ተፈለገ። ሃይንዝ ፒፐር የተባለ አስተዋዋቂ ጭውውቱ ከመጀመሩ በፊት ወጥቶ ነገሩን በጀርመንኛ አስረዳ። ሚስ ሶፊ ማን እንደሆኑ፣ እንግዶቹ እንደሞቱ፣ ጄምስ ምን እንደሚያደርግ። የጥያቄውንና የመልሱን ትርጉምም ነገረ።

ይህ መግቢያ ለእኔ የጉዳዩ ሁለተኛ ምሰሶ ነው። ተመልካቹ ቁልፉን አስቀድሞ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ቋንቋ አላስፈለገውም። ጭውውቱ ውስጥ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ይደጋገማሉ። እንግሊዝኛ ሀሁ ብሎ የጀመረ ተማሪ በሁለተኛው ዙር ይረዳዋል። በሦስተኛው ዙር አብሮ ይለዋል። አንድ ሙሉ ትውልድ «ሴም ፕሮሲጀር» የሚለውን ቃል የተማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከጄምስ ነው ማለት ማጋነን አይመስለኝም።

ቀረጻው የተካሄደው ሃምቡርግ ውስጥ ቴያተር አም በዘንቢንደርሆፍ በሚባለው አዳራሽ ነው። ያስቀረጸው ኤንዴኤር የሚባለው የሰሜን ጀርመን የሕዝብ ማሰራጫ ነው። ለፍሪንተን የተከፈለው 4,150 ማርክ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተመልካች ተቀምጧል፣ የምንሰማውም ሳቅ የእነሱ ሳቅ ነው። ከሁሉ የሚለይ የአንዲት ሴት ሳቅ አለ። ከት ብላ ትጀምራለች፣ ልታቆም ትሞክራለች፣ አልሆነላትም። ጀርመኖች ያንን ሳቅ ከጭውውቱ ለይተው አያዩትም። ዛሬም ሶፋ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ከዚያች ሴት ጋር አብሮ ይስቃል።

ቀኑን ማን መረጠው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጭውውቱ ከዘመን መለወጫ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የልደት እራት ነው። ውስጡ ርችት የለም፣ የቀን መቁጠሪያ የለም፣ «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል የለም። ከተቀረጸ በኋላም ለዓመታት እንደ ማሟያ ነበር የሚታየው። ፕሮግራም ሲያጥር፣ ክፍተት ሲኖር ጣል ይደረጋል። 18 ደቂቃ ስለሆነ ለዚያ ይመቻል።

በ1972 ኤንዴኤር የዲሴምበር 31 ምሽት ላይ ቋሚ ቦታ ሰጠው። ይኸው ነው ለውጡ። አዲስ ቀረጻ የለም፣ ማስታወቂያ የለም። አንድ ቀልድ አንድ ቀን አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነበር። በሚቀጥለውም። «እንዳምናው ነው?» የሚለው ጥያቄ ድንገት ስለ ሚስ ሶፊ እራት ብቻ መሆኑ ቀረ። ስለ ተመልካቹ ምሽት ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅ ቤት ቁጭ ብሎ ያለፈውን ከሚመጣው ጋር የሚያስተያይ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ እሱ ነውና። ጭውውቱ ራሱ እንዴት መታየት እንዳለበት ለተመልካቹ ነገረው። እንደየዓመቱ።

የጀርመን ማሰራጫዎች አወቃቀርም ረድቷል። የሕዝብ ቴሌቪዥኑ አንድ ማዕከል ብቻ አይደለም። ክልሎቹ የየራሳቸው ማሰራጫና የየራሳቸው ጣቢያ አላቸው። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይቀበላል፣ ግን በራሱ ሰዓት ያሳያል። ስለዚህ በዚያ ምሽት ጣቢያ የሚቀያይር ሰው ጄምስን ደጋግሞ ያገኘዋል። አንዱ ጋ ሾርባው ላይ ነው፣ ሌላው ጋ ዶሮው ላይ። ያመለጠው የለም ማለት ይቻላል።

በ1999 በቀለም የተሠራ ቅጂ ወጣ። ቴክኒኩ ጥሩ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደ ጥቁርና ነጩ ተመለሰ። እኔም ደስ ብሎኛል። የታወቀ ነገር ሲነካካ ሰው ይሰማዋል። ሌላ ሰው በሌላ ልብስ ሲሠራው ግን ማንም አይከፋውም። በሰሜን ጀርመን ፕላት ቋንቋ ተሠርቷል፣ በሄሰን አነጋገርም ተሠርቷል። የሕፃናት ጣቢያው በርንድ የሚባለውን የዳቦ አሻንጉሊት ይዞ ሠርቶታል። በ2011 የዩሮ ቀውስ ሲያይል የያኔዋ የጀርመን መሪ ሜርክል ሚስ ሶፊን፣ የያኔው የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳርኮዚ ጄምስን ሆነው የሚታዩበት ቅንብር በቴሌቪዥን ቀረበ። ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። «እንደየዓመቱ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ጋዜጣ ርዕስ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ በእንግሊዝኛው እንዳለ ይነገራል።

ጎረቤቶቹ

ነገሩ ጀርመን ብቻ አልቀረም። ኦስትሪያም፣ ስዊዘርላንድም፣ የስካንዲኔቪያ አገሮችም ወስደውታል። የስዊዝ ቴሌቪዥን በዚያው ዘመን የራሱን ቅጂ አስቀርጿል። አጠር ያለ ነው፣ 11 ደቂቃ አካባቢ።

ስዊድን ውስጥ የሆነው ይገርማል። መጠጥ በዝቶበታል ተብሎ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በአየር ላይ የዋለው በ1976 ነው። ኖርዌይ ደግሞ በገና ዋዜማ ዋዜማ፣ ዲሴምበር 23 ማታ ታሳየዋለች። ይህ ለጥናታችን ትልቅ ማስረጃ ነው። ያው ጭውውት፣ ያው ነብር፣ ሌላ ቀን። ለኖርዌይ ልጅ የጄምስ መንገዳገድ የገና ምልክት ነው፣ ለጀርመን ልጅ የአዲስ ዓመት። ቀልዱ ውስጥ ቀን አልተጻፈም። ቀኑን የጻፈበት ጣቢያው ነው።

ዴንማርክም ከ1980 ጀምሮ በዘመን መለወጫ ማታ ታሳየዋለች። በ1985 ግን ጣቢያው ሳያሳየው ቀረ። ተመልካቹ ቅሬታውን አዥጎደጎደው። በሚቀጥለው ዓመት ጄምስ ወደ ቦታው ተመለሰ። አምስት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። አምስት ዓመት ለአንድ ልጅ ግን ረጅም ነው። አምስት ጊዜ ያየው ነገር ለእሱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። ወግ ሥር ለመስደድ መቶ ዓመት አያስፈልገውም። አንድ ልጅ «ዛሬስ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ያለው ጊዜ ይበቃዋል።

ይህን ስጽፍ አበባየሆሽ ትዝ አለኝ። እንቁጣጣሽ ጠዋት በር ላይ የሚቆሙትን ልጆች «ዘንድሮ አዲስ ዜማ አምጡ» የሚላቸው የለም። ያንኑ እንዲዘፍኑ ነው የሚጠበቀው። በየበዓሉ የቴሌቪዥን ጭውውት ላይ ግን እኛ የምንጠብቀው አዲስ ነገር ነው። ያምናው ከተደገመ ቅር ይለናል። ጀርመኖች አንድን ጭውውት ከቴሌቪዥን ቀልድ መደብ አውጥተው አበባየሆሽ ጎን አስቀመጡት። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

በአገሩ

እንግሊዞች ለምን አላወቁትም? ፍሪንተን በአገሩ ያልታወቀ ሰው ሆኖ አይደለም። በ1960ዎቹ ቢቢሲ ላይ «ሚት ዘ ዋይፍ» በሚባል የባልና ሚስት ተከታታይ ኮሜዲ ከቶራ ሂርድ ጋር ይሠራ ነበር። ጭውውቱ ግን የመድረክ ዕቃ ነበር። የባሕር ዳርቻ ቲያትሮች ዕቃ። እነዚያ ቲያትሮች እየተዳከሙ ሲሄዱ እዚያ የሚሠሩ ጭውውቶችም አብረው ጠፉ። ይኼኛው የተረፈው ሃምቡርግ ላይ በካሜራ ስለተያዘ ነው። እንግሊዝ ያልቀረጸችውን ጀርመን ቀረጸችው፣ አስቀመጠችው፣ አከበረችው። ይህን ሳስብ ጀርመኖቹን ማመስገን ይቃጣኛል።

የሚያሳዝነው ክፍል ይህ ነው። ፍሪንተን በኦክቶበር 1968 በልብ ድካም አረፈ፣ በ59 ዓመቱ። ኤንዴኤር ጭውውቱን ዲሴምበር 31 ላይ ያደረገው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ሚሊዮኖች በአንድ ምሽት ሲስቁለት አላየም። ለእሱ ሃምቡርግ አንድ ጥሩ የሥራ ጉዞ ነበረች፣ 4,150 ማርክ የተከፈለባት። ሜይ ዋርደን እስከ 1978 ስለኖረች ወጉ ሲጀምር በሕይወት ነበረች።

ዛሬ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከሞቱ ሰዎች ጋር እራት ይበላሉ። ፍሪንተን የለም፣ ዋርደን የለችም፣ መግቢያውን የተናገረው ፒፐርም የለም። ብርጭቆው ግን ይነሳል፣ ስማቸው ይጠራል፣ ሳቁ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ሳየው ስለ ስካር የሚያወራ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ባዶዎቹን ወንበሮች ነው የማየው።

በዲሴምበር 31፣ 2018 ስካይ አርትስ የተባለው የእንግሊዝ ጣቢያ ጭውውቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተመልካች አሳየ። በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ፍሪንተን ከሞተ 50 ዓመት ከሁለት ወር አልፎ ነበር። ቅጂው የሃምቡርጉ ነው። ሚስ ሶፊ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ጄምስ ወንበሩን ሳበላቸው። ሁሉም መጥተው እንደሆነ ጠየቁት።

«ሁሉም ለልደትዎ መጥተዋል፣ ሚስ ሶፊ።»